የታሸገ ጠርሙስ ሥርዓተ ምህዳር እንደ ክፍል ፕሮጀክት፦ ለሀና ማርያም አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቀረበ ንድፍና የኦክስጅን ስሌት

አሕጽሮተ ጽሑፍ

በታሸገ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ውኃ፣ ተክልና ጥቃቅን እንስሳትን አኑሮ መከታተል ሥርዓተ ምህዳርን ለማስተማር ከሚያገለግሉ ርካሽ ዘዴዎች አንዱ ነው። ይሁንና ዘዴው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው የተፈጥሮን «ሚዛን» እንደሚያሳይ ትርኢት እንጂ ተለክቶ እንደሚፈተን ሙከራ አይደለም። ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሀና ማርያም አካባቢ ከፍታና የአየር ጠባይ ላይ ተመሥርቶ በአንድ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ የሚገኘውን የኦክስጅንና የካርቦን መጠን ያሰላል፤ ከስሌቱም በመነሣት አምስት ዓይነት አያያዝና አሥራ አምስት ጠርሙሶች ያሉት የአሥራ ሁለት ሳምንት የክፍል ሙከራ ይነድፋል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የትምህርቱ ፍሬ ከሚተርፈው ጠርሙስ ይልቅ በታወቀ ምክንያት ከሚሞተው ጠርሙስ ይገኛል የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ሥርዓተ ምህዳር፣ የታሸገ ሥርዓት፣ ኦክስጅን፣ ብስባሴ፣ የተግባር ትምህርት፣ ሀና ማርያም

1. መግቢያ

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የሥነ ምህዳር ምዕራፍ የሚታለፈው በሥዕል ነው። ተማሪው አምራች፣ ተመጋቢና አበስባሽ የሚሉትን ቃላት ይሸመድዳል፤ ቀስቶቹንም ከአንዱ ወደ ሌላው ይስላል። ቀስቶቹ ግን መጠን የላቸውም። ስንት ኦክስጅን ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ከሁለቱ ሂደቶች አንዱ ቢፈጥን ምን እንደሚከተል፣ አንድ ግራም የወደቀ ቅጠል ምን ያህል አየር እንደሚጠይቅ ከሥዕሉ ማንበብ አይቻልም።

የታሸገ ጠርሙስ ይህን ክፍተት የመሙላት አቅም አለው። ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ተማሪው በየዕለቱ የሚያየው ነገር ነው። ችግሩ የአቀራረብ ነው። መምህሩ አንድ ጠርሙስ አዘጋጅቶ መስኮት ላይ ካስቀመጠ በኋላ ተክሉ አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ «ተፈጥሮ ሚዛኗን ትጠብቃለች» ይባላል፤ ከሞተ ደግሞ ሙከራው እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ ጠርሙሱ ይደፋል። በሁለቱም መንገድ ተማሪው ስለ ምክንያት የሚማረው ነገር የለም። ስለዚህ ጥያቄው ጠርሙሱን እንዴት በሕይወት እናቆየው የሚለው ብቻ አይደለም። የጠርሙሱን ሕይወትም ሆነ ሞት አስቀድሞ ተገምቶ የሚፈተን ነገር እንዴት እናድርገው የሚለውም ነው።

ጽሑፉ የምልከታ ውጤት አያቀርብም። የሚያቀርበው ስሌት፣ ንድፍና ከስሌቱ የሚመነጩ ሊፈተኑ የሚችሉ ግምቶችን ነው።

2. የሐሳቡ መነሻ

ሕይወት ያለውን ነገር በመስታወት ዘግቶ የመመርመር ታሪክ ረጅም ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1770ዎቹ መጀመሪያ ሻማ ያጠፋውን የታመቀ አየር የናና ቅርንጫፍ መልሶ እንደሚያድሰው አሳየ። ሆላንዳዊው ያን ኢንገንሃውዝ በ1779 ይህ የሚሆነው በብርሃን ብቻ እንደሆነና በጨለማ ተክሉም አየሩን እንደሚበክል አረጋገጠ። የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ ከ1829 ጀምሮ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ የበቀለ ፈርን ሳይጠጣ እንደሚቆይ አስተዋለ፤ ከዚህ ምልከታ የተነሣው የመስታወት ሳጥንም ተክሎችን በመርከብ ከአህጉር አህጉር ለማጓጓዝ አገለገለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ክሌር ፎልሶም በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ውኃና ረቂቅ ተሕዋስያንን በብልቃጥ አሽጎ ለረጅም ዓመታት ሕይወታቸው እንደሚቀጥል አሳየ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለመምህር ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው በአሜሪካ አሪዞና የተሠራው ባዮስፌር 2 ነው። 1.27 ሄክታር በሚሸፍነው በዚህ የመስታወት ሕንጻ ውስጥ ስምንት ሰዎች ከመስከረም 1991 እስከ መስከረም 1993 (እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) ተዘግተው ኖሩ። በመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ወራት የአየሩ ኦክስጅን ከ20.9 በመቶ ወደ 14.5 በመቶ ገደማ ወረደና ከውጭ ኦክስጅን ማስገባት ግድ ሆነ። ምክንያቱ ሲመረመር ሁለት ነገር ተገኘ። በብስባሽ የበለጸገው አፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ተክሎቹ ከሚያመርቱት በላይ ኦክስጅን ይፈጁ ነበር፤ ከዚያ የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሕንጻው ኮንክሪት ስለ መጠጠው ተክሎቹ መልሰው ኦክስጅን ሊያደርጉት አልቻሉም። ሕንጻው የተቸገረው ከምግብ እጥረት ሳይሆን ከአፈሩ ጥጋብ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች እንደምናየው የክፍል ጠርሙስም የሚሞተው በአመዛኙ በዚሁ መንገድ ነው።

አንድ የቃል ማብራሪያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። «የታሸገ» ስንል ቁስ የማያስገባና የማያስወጣ፣ ብርሃንና ሙቀት ግን የሚያሳልፍ ማለታችን ነው። ይህን ከ«የታጠረ» መለየት ይገባል። በደቡብ ጎንደር ዓለማየሁ ዋሴና ሌሎች ተመራማሪዎች ያጠኗቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖች በድንጋይ ካብ ሲታጠሩ ከብት አይገባባቸውም፤ ነፋስ፣ ወፍ፣ ዘርና ውኃ ግን ይመላለሳሉ። ስለዚህ የታጠሩ እንጂ የታሸጉ አይደሉም። የቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች በመካከል ይገኛሉ። ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ስለሌላቸው ውኃቸው በገጽ ላይ የሚያልቀው በትነት ነው፤ ጨውም በውስጣቸው ይከማቻል። ሆኖም ከአየር ጋር ጋዝ ይለዋወጣሉ። ተማሪዎች እነዚህን ሦስት ምሳሌዎች አነጻጽረው ምን እንደሚያልፍና ምን እንደሚቀር በዝርዝር ቢጽፉ ለሙከራው በቂ መግቢያ ይሆናል።

3. የቦታው ሁኔታ

ሀና ማርያም በደቡብ አዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ከፍታ ለሙከራው ሦስት ትርጉም አለው።

አንደኛ፣ የአየር ግፊቱ ወደ 78 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል፤ ይህም በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር መጻሕፍት የሚገኙ የኦክስጅን ሠንጠረዦች እንዳሉ ሊወሰዱ አይችሉም። በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ ንጹሕ ውኃ በባሕር ወለል በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ በሀና ማርያም የሚይዘው 7 ሚሊ ግራም ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ አካባቢው በ9ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አጠገብ ስለሆነ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የብርሃን መጠን የሚለዋወጠው በዋናነት በክረምቱ ደመና ነው። ስለዚህ ሙከራውን ከጥቅምት መባቻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ማካሄድ ከደመናው መዋዠቅ ያድነዋል፤ ከትምህርት ዘመኑም ጋር ይስማማል።

ሦስተኛ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ቀኑ ሲሞቅ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ይህ መዋዠቅ ትንፈሳን ያዘገያል ወይም ያፋጥናል፤ የጠርሙሱንም ውኃ ያማስላል። በሌሊት የላይኛው ውኃ ሲቀዘቅዝ ከብዶ ይወርዳል፤ ኦክስጅንንም ወደ ታች ይዞ ይሄዳል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከላይ እስከ ታች የሚቀላቀሉት በዚሁ የብርድ ወቅት መሆኑ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በወጡ የባክስተር፣ የፕሮሰር፣ የታሊንግና የውድ ጥናቶች ተመዝግቧል። ተማሪው በጠርሙስ የሚያየው ነገር በሐይቅም እንዳለ ማወቁ ጥቅም አለው።

4. የጠርሙሱ ስሌት

ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ 1.5 ሊትር ውኃና 0.5 ሊትር አየር ይዞ በ20 ዲግሪ ታሸገ እንበል።

በውኃው የሟሟው ኦክስጅን 1.5 በ7 ሲባዛ 10.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። በአየሩ ያለውን ለማግኘት ከ78 ኪሎ ፓስካል ላይ የውኃ ተን ግፊት (2.3 ኪሎ ፓስካል) ተቀንሶ በ0.21 ይባዛል፤ የሚገኘው 15.9 ኪሎ ፓስካል የኦክስጅን ከፊል ግፊት ነው። በጋዝ ሕግ መሠረት ይህ በ0.5 ሊትር ውስጥ 105 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ነው። ድምሩ 115 ሚሊ ግራም ገደማ ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ የተቀመጠው በአየሩ እንጂ በውኃው አይደለም። እንስሳቱ የሚኖሩት ግን በውኃው ነው፤ በረጋ ውኃ ውስጥ ጋዝ የሚሰርገውም እጅግ በዝግታ ነው። ስለዚህ ከላይ አየር እያለ ከታች መታፈን ይቻላል።

ቀጥሎ ፍጆታውን እንይ። ካርቦሃይድሬት ሙሉ በሙሉ ሲበሰብስ ለእያንዳንዱ 30 ግራም 32 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። እንግዲህ በጠርሙሱ ያለው 115 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊያበሰብስ የሚችለው 0.11 ግራም ያህል ደረቅ የዕፅ ቁስ ብቻ ነው። አንድ ግራም ደረቅ ቅጠል ቢጨመር የሚጠይቀው ኦክስጅን 1,070 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ማለትም ከጠቅላላው ክምችት ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ራሱ ሕያው ተክል ነው። 3 ግራም እርጥብ የውኃ ተክል ከክብደቱ አሥር በመቶው ደረቅ ቁስ ነው ብንል 0.3 ግራም ይሆናል። ይህ ተክል ቢሞትና ቢበሰብስ 320 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ጠርሙሱ ካለው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ መሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር ጠርሙሱ የሚኖረው በተቀማጭ ሳይሆን በዕለት ገቢ ነው። ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ብርሃኑ ለቀናት ቢቋረጥ የሚያቆየው ስንቅ የለውም።

በካርቦን በኩል ያለው ሥዕል ከዚህ ይለያል። በ0.5 ሊትር አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.3 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ ከዚህ ሊመረት የሚችለው ካርቦሃይድሬት 0.2 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ተክሉ ለማደግ የሚያስፈልገውን ካርቦን የሚያገኘው ከሁለት ምንጭ ነው፦ ከእንስሳትና ከተሕዋስያን ትንፈሳ፣ እንዲሁም በውኃው ከሟሟው ባይካርቦኔት። ውኃው በሊትር 2 ሚሊ ሞል ባይካርቦኔት ቢኖረው በ1.5 ሊትር ውስጥ 36 ሚሊ ግራም ካርቦን አለ፤ ተክሉ ከዚህ የሚጠቀመው ከፊሉን ነው። ለደቡባዊው የከተማው ክፍል ውኃ ከሚሰጡት ምንጮች አንዱ የአቃቂ የጉድጓድ ውኃ መስክ ስለሆነ፣ የቧንቧውን ውኃ ባይካርቦኔት አስቀድሞ መለካት ለተመራቂ ተማሪ ጥሩ ንዑስ ጥናት ይሆናል።

እዚህ ላይ የአበስባሾች ሚና ይገለጣል። ብስባሴ ከበዛ ኦክስጅን ያልቃል፤ ፈጽሞ ከጠፋ ደግሞ ካርቦን ያልቃል። «ሚዛን» የሚባለው ሁለቱ ፍጥነቶች መቀራረባቸው ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ተማሪዎች ዓሣ ለማስገባት መጓጓታቸው አይቀርም። 5 ግራም የሚመዝን ዓሣ ለእያንዳንዱ ግራም በሰዓት 0.2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ቢተነፍስ ፍጆታው በሰዓት 1 ሚሊ ግራም ነው፤ ተክል ካልረዳው መላው ክምችት በአምስት ቀን ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ዓሣ በዚህ ንድፍ አይፈቀድም። ስሌቱን ግን ተማሪው ራሱ ሠርቶ ክልከላውን እንዲደርስበት ማድረግ ከትእዛዝ ይሻላል።

5. የሙከራው ንድፍ

5.1 ዕቃና ግብአት

ባለ 2 ሊትር፣ ሰፊ አፍ ያለውና ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የመስታወት ጠርሙስ ይመረጣል። የፕላስቲክ ጠርሙስ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ጋዝ ቀስ በቀስ ስለሚያሳልፍ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ሙከራ የታሸገ ነው ሊባል አይችልም። ለወለሉ የታጠበና የተቀቀለ አሸዋ ሁለት ጣት ያህል ይደረጋል። በአካባቢው የሚታወቀው ዋልካ አፈር ውኃውን ከማደፍረሱም በላይ ያልተለካ ብስባሽ ስለሚያስገባ አይመከርም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክዳን በሌለው ዕቃ ሁለት ቀን ይቀመጣል።

አምራቹ ሴራቶፊለም ወይም ተመሳሳይ ሥር የማይሰድ የውኃ ውስጥ ተክል ነው። ተመጋቢው ዳፍኒያ (የውኃ ቁንጫ) ሲሆን በእያንዳንዱ ጠርሙስ አሥር ይቆጠራል። የአበስባሾች ዘር ሁሉም ጠርሙሶች ከአንድ ኩሬ ተቀድቶ ከተጣራ 50 ሚሊ ሊትር ውኃ እኩል ያገኛሉ።

5.2 አያያዝ

ሀ. ሙሉ ጠርሙስ፦ አሸዋ፣ ውኃ፣ 3 ግራም ተክል፣ ዳፍኒያ፣ ብርሃን።
ለ. ያለ ዳፍኒያ፤ ሌላው እንደ «ሀ»።
ሐ. ያለ ተክል፤ ሌላው እንደ «ሀ»።
መ. እንደ «ሀ» ሆኖ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ።
ሠ. እንደ «ሀ» ሆኖ 1 ግራም ደረቅ ቅጠል የተጨመረበት።

እያንዳንዱ አያያዝ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ በድምሩ አሥራ አምስት ጠርሙስ ይሆናል። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ለአራት ተማሪ አንድ ጠርሙስ ይደርሳል። የጠርሙሶቹ ቦታ በዕጣ ይወሰናል። የ«ሀ» ጠርሙሶች ሁሉ በመስኮቱ በአንድ ጫፍ ከተደረደሩ የምንለካው አያያዙን ይሁን የመስኮቱን ጫፍ መለየት አይቻልም፤ ሁርልበርት በ1984 «የውሸት ድግግሞሽ» ብሎ የተቸው ስሕተት ይኸው ነው። ጠርሙሶቹ ብሩህ በሆነ ግን ቀጥታ ፀሐይ በማያርፍበት ቦታ ይቀመጣሉ፤ ቀጥታ ፀሐይ የታሸገ መስታወትን ከክፍሉ ሙቀት በላይ ያግላል።

5.3 ምልከታ

ምልከታው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ 2፡30 እና ከቀኑ 9፡30 ይካሄዳል። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጠዋቱን የጠዋት ፈረቃ፣ የከሰዓቱን የከሰዓት ፈረቃ መዝግበው መረጃ ይለዋወጣሉ፤ የአንዱ ክፍል መረጃ ያለ ሌላው የማይሞላ መሆኑ በራሱ ትምህርት ነው። የሚመዘገቡት፦ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የተቆጠረ ሕያው ዳፍኒያ፤ ከጠርሙሱ ጀርባ በተያዘ ወረቀት ላይ የሚነበበው ትንሹ የፊደል መጠን (ለድፍርስነት)፤ የተክሉ ቀለም ከተዘጋጀ የቀለም ካርድ ጋር ሲነጻጸር፤ የአሸዋው ቀለም፤ በግድግዳው ላይ ያረፈ ጤዛ። ሙቀት የሚለካው ቴርሞሜትር ገብቶበት ከሌሎቹ ጎን በሚቀመጥ ተጨማሪ ጠርሙስ ነው። በየሳምንቱ እያንዳንዱ ጠርሙስ በዲጂታል ሚዛን ይመዘናል፤ ክብደቱ የቀነሰ ጠርሙስ ክዳኑ አፍሷልና ከትንተናው ይወጣል። በ«መ» ላይ ጨርቁ የሚነሣው ለቆጠራው ያህል ብቻ ነው።

ተማሪዎች ጠርሙሱ ከመታሸጉ በፊት የየትኛው ዳፍኒያ ቀድሞ እንደሚያልቅና በስንተኛው ሳምንት ግምታቸውን ጽፈው ከነምክንያቱ ለመምህሩ ያስረክባሉ። ይህ እርምጃ ሊዘለል አይገባም። ካለፈ በኋላ ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስላል፤ ግምቱ በወረቀት ካልሰፈረ ተማሪው ከስሌቱ የተማረውን ከአጋጣሚው ለይቶ ማወቅ አይችልም።

6. የሚጠበቁ ውጤቶችና አተረጓጎማቸው

ስሌቱ የሚያመለክተው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በ«ሠ» ውኃው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደፍርሶ ዳፍኒያዎቹ ቀድመው ያልቃሉ፤ አሸዋው ሊጠቁርና ሲከፈት የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ኦክስጅን ሲያልቅ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሰልፌትን ወደ ሰልፋይድ እንደሚቀይሩ ምልክት ነው። «መ» ተመሳሳይ ፍጻሜ አለው፤ መንገዱ ግን በዝግታ ነው፤ መጀመሪያ ተክሉ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ራሱ የብስባሴ ግብአት ይሆናል። በ«ሐ» የዳፍኒያ ሞት ከኦክስጅን ይልቅ ከምግብ እጥረት ሊመጣ ይችላል፤ በብርሃን ውስጥ ከኩሬው ውኃ የመጣ አልጌ ከበቀለ ደግሞ ተክል የሌለው ጠርሙስ የራሱን አምራች ያፈራል። ከ«ሀ» እና ከ«ለ» ንጽጽር እንስሳቱ አልጌውን በመብላትና ካርቦን በመመለስ ተክሉን ይጠቅሙት እንደሆነ ይታያል። ከአምስቱ መልሱ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የማይታወቀው ይህ ስለሆነ ለክፍል ክርክር የተሻለው ጥያቄ እርሱ ነው።

ከሦስት ድግግሞሽ ጠንካራ የስታቲስቲክስ ድምዳሜ አይጠበቅም። አማካዩን ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው ጋር ማቅረብ ይበቃል። በአንድ ጠርሙስ ላይ የተወሰዱት ሳምንታዊ ምልከታዎችም ነጻ ናሙናዎች እንዳልሆኑ ተማሪው ሊነገረው ይገባል።

አንድ የተለመደ አተረጓጎም ግን መታረም አለበት። ሦስቱም የ«ሀ» ጠርሙሶች በታኅሣሥ መጨረሻ አረንጓዴ ሆነው ቢገኙ ውስጣቸው መጀመሪያ የነበረው ኅብረተ ሕይወት እንዳለ ቆይቷል ማለት አይደለም። በታሸገ ቦታ ብዙ ዓይነቶች ይጠፋሉ፤ የሚቀሩት ጥቂቶችና ታጋሾች ናቸው። ጠርሙሱ ተረፈ ማለት ቀለለ ማለት ነው።

7. ደኅንነት

ትንሹ አቃቂ ወንዝ ለአካባቢው ቅርብ ቢሆንም የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚሸከም ለሙከራው ውኃም ሆነ ተሕዋስያን ከእርሱ አይቀዳም። ቀንድ አውጣም በዚህ ንድፍ የተተወበት ምክንያት አለ፤ በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ የተባለ የንጹሕ ውኃ ቀንድ አውጣ ነው፤ ከሐይቅና ከመስኖ ቦይ በእጅ መልቀም ለአደጋ ያጋልጣል። የኩሬ ውኃ የሚቀዳው በመምህር፣ በጓንት ነው። የሞቱ ጠርሙሶች የሚከፈቱት በውጭ፣ ነፋሻ ቦታ ነው፤ ይዘታቸው ከመደፋቱ በፊት በበረኪና ይታከማል። ተክሉን ወደ ወንዝ መጣል ፈጽሞ አይፈቀድም፤ እምቦጭ በጣና ያደረሰው ጉዳት ለማስጠንቀቂያ ይበቃል።

8. ማጠቃለያ

የጠርሙሱ ስሌት በጠርሙሱ አያበቃም። አንድ ግራም ቅጠል የዘጠኝ ጠርሙስ ኦክስጅን እንደሚጠይቅ በእጁ ያሰላ ተማሪ፣ ከሰፈሩ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ ሲገባ ወንዙ ለምን እንደሚጠቁርና ለምን እንደሚሸት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ሠ» ጠርሙስ በትንሹ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ወንዙ ጥቂት የሚያድነው ነገር ክዳን ስለሌለውና ስለሚፈስ ነው፤ የሚፈሰው ግን ወደ አባ ሳሙኤል ነው።

ስለዚህ ለተመራቂ ተማሪዎችና ለመምህራን አሠልጣኞች ሁለት ምክር ይቀርባል። የመጀመሪያው፣ ይህ ሙከራ በአንድ የትምህርት ዘመን ቢያንስ በሁለት ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ ግምቶቹ ይፈተኑ፤ በተለይም «ሀ» እና «ለ»ን የሚለየው ነገር ይጣራ። ሁለተኛው፣ የውጤት አሰጣጡ ጠርሙሱ በመትረፉ ላይ አይመሥረት። የሞተ ጠርሙስ የደረሰው ቡድን ለምን እንደሞተ በቁጥር ካስረዳ ሙሉ ውጤት ይገባዋል፤ አረንጓዴ ጠርሙስ ይዞ ምክንያቱን ያላወቀ ቡድን ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።